ኤምኤክስ-5 ባሕር ዳር ላይ፦ ከሞተሯ ይልቅ ውሃውን ፍሩ

ባሕር ዳር ላይ ማዝዳ ኤምኤክስ-5፣ ያችን ጣሪያዋ የሚታጠፍ ትንሽ መኪና፣ ያቆመ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንት ትሄዳለች?» ነው። መልሱ ብዙም አያስፎክርም። በ1989 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ላይ ለሕዝብ የታየችው የመጀመሪያዋ ትውልድ 1.6 ሊትር ሞተርና 115 ገደማ የፈረስ ጉልበት አላት፤ ያም በባሕር ጠለል የተለካ ቁጥር ነው። እዚህ 1,800 ሜትር ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ከጉልበቷ አንድ አምስተኛ የሚጠጋው ይጠፋል። ከኋላ ያለ ቪትዝ ክላክስ ቢያደርግባችሁ አትቀየሙ።

የምትወደደው ቀላል ስለሆነች ነው። ክብደቷ 950 ኪሎ ገደማ ነው፤ ሞተሩ ከፊት፣ የሚገፋው ጎማ ከኋላ፣ ሁለት ሰው በመሃል። መሪዋ ትንሹን ጠጠር ሳይቀር ይናገራል፣ ፍሬኗ አይጨነቅም፣ ጎማና የፍሬን ሸራ ቶሎ አትበላም። ሐይቅ ዳር የዚህችን መኪና ዕድሜ የሚያሳጥረው ግን ፍጥነትም ጉልበትም ሳይሆን ውሃ ነው፤ ከላይ ዝናቡ፣ ከስር ኩሬው፣ ከውስጥ የተደፈነው መውረጃ። ከዚህ በታች የተጻፈው ግማሹ ስለ ውሃ የሆነው ለዚህ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ምርጫው አገር ውስጥ ያለችውን መግዛት ሆኗል። ስለዚህ ሻጩን «የስንት ሞዴል ናት?» ከማለት በፊት «የት ነው የምታድረው?» በሉት። ለማየት የሚሻለው ወር ነሐሴ ነው። በጥር ፀሐይ የደረቀች መኪና ሁሉ ታምራለች፤ ነሐሴ ላይ ግን በሩ ሲከፈት የሚመጣው ሽታ ሻጩ የዘለለውን ሁሉ ይናገራል። የእጅ ባትሪ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት፣ አንድ ሊትር ውሃ በሃይላንድ ይዛችሁ ሂዱ። የሻንሲ ቁጥሩ ኮፈኖው ሲከፈት ሞተሩንና ካቢኑን በሚለየው ግድግዳ ላይ ተቀርጿል፤ ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ።

የሃይላንዱ ውሃ ለዚህ ነው። ጣሪያዋ ሸራ ነው፤ በሸራው ላይ የሚወርደው ዝናብ ከኋላ መስኮቱ ግርጌ ባለ የፕላስቲክ አሸንዳ ይሰበሰብና ከወንበሮቹ ጀርባ፣ ቀበቶዎቹ ከሚወጡበት ግንድ አጠገብ በግራና በቀኝ ባሉ ሁለት ቀዳዳዎች ወደ ታች ይወርዳል። መውጫቸው ከኋላ ጎማው ፊት ለፊት፣ ከመኪናዋ ስር ነው። ሸራውን ግማሽ ድረስ አንሱ፣ በአንዱ ጎን ግማሽ ሊትር ያህል ቀስ አድርጋችሁ አፍስሱ፣ ጓደኛችሁ ከስር ይይ። ውሃው ወዲያው ከተንዠቀዠቀ ደህና ነው። ከዘገየና ጠብ ጠብ ካለ ተደፍኗል። ምንም ካልወጣ፣ ያ ውሃ አሁን ላሜራው ውስጥ ተኝቷል ማለት ነው። ሌላውንም ጎን እንዲሁ አድርጉ፤ አንዱ ሠርቶ አንዱ የማይሠራበት ጊዜ ብዙ ነው።

የሚደፍነው የተለመደ ነገር ነው፤ የዘንባባ ቅጠል ስንጣሪ፣ የጃካራንዳ አበባ፣ አቧራ፣ ከሸራው የረገፈ ክር። የከተማችን ዛፍ ጥላው ደግ ነው፣ ግን ለዚህች መኪና እዳ ያወርሳል። መጥረጊያው ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው የናይሎን ገመድ ነው። ጫፉን በክብሪት አቅልጡና ድቡልቡል አድርጉት፣ ከዚያ እያሽከረከራችሁ ቀስ ብላችሁ አስገቡ፣ ሲያግድ አትግፉ፣ መለስ አድርጋችሁ ደግሙ። መጨረሻ ላይ ለብ ያለ ውሃ አፍስሱበት። ሽቦ አታስገቡ፤ ቱቦውን ይበሳና ከዚያ በኋላ መውረጃው ንጹሕ ሆኖ እያለ ውሃው ወደ ላሜራው ይገባል። በጎሚስታው ኮምፕሬሰር መንፋትም አይመከርም፣ ቱቦው ከመጋጠሚያው ሊነቀል ይችላል። ይህን ሥራ በዓመት ሦስት ጊዜ፣ በግንቦት መጨረሻ፣ በሐምሌ አጋማሽና በመስከረም የሠራ ሰው በያጅ ፍለጋ አይዞርም።

ያልሠራው ሰው የሚያየው ከበሩ በታች ባለው ደረጃ ላይ፣ የኋላ ጎማው ከመድረሱ በፊት ባለችው አንድ ስንዝር ቦታ ነው። መጀመሪያ ቀለሙ እንደሚንተከተክ ሽሮ ያብጣል። ከዚያ በአውራ ጣት ሲጫኑት ጭርር ይልና የቡና አተላ የመሰለ ውሃ ይወጣል። ማግኔቱን እዚያ አስጠጉ፤ ካልያዘ ከቀለሙ ስር ያለው ስቱኮ ነው። አንዳንድ ሻጭ ይህን «ትንሽ ዝገት» ይለዋል። ጣሪያ ያላት መኪና ላይ ቢሆን እውነቱን ነበር፤ ጣሪያ የሌላት ግን ወገቧን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ይኸው ከበሩ ስር ያለው ሳጥን ነው። እሱ ሲበሰብስ መኪናዋ መሃሏ ላይ ትጎብጣለች፣ በሩ ሲዘጋ ከኋላ በኩል መጋጨት ይጀምራል።

ጥገናው ስቱኮ አይደለም። የበሰበሰው ደህናው ብረት እስኪመጣ ድረስ ይቆረጣል፤ የውጩ ብቻ ሳይሆን የውስጡ ንብርብርም ይታያል፣ ምክንያቱም ዝገቱ የሚጀምረው ከውስጥ ነው። ከአንድ ሚሊ ሜትር ያላነሰ አዲስ ላሜራ ይቀረጽና ይበየዳል። ከመጀመሩ በፊት የባትሪው ሁለቱም ገመድ ይነቀል፣ ምንጣፉና ወንበሩ ይውጣ። መኪናዋ በአራቱም ጎማዋ ደረቅ መሬት ላይ እንደቆመች ይሠራ፤ መሃሏ ላይ በክሪክ ተነሥታ ከተበየደች እንደጎበጠች ትቀራለች። በበሩና በኋላ ፓራፋንጎው መካከል ያለውን ክፍተት ከላይና ከታች ለክታችሁ ጻፉት፣ ብየዳው ሲያልቅ ያው ልኬት ሊገኝ ይገባል። በያጁ በእሳት ብየዳ ልሥራው ካለ ሌላ ፈልጉ፤ ቀጭን ላሜራ በዚያ ሙቀት ይጣመማል። ሲጨርስ ውስጡ በሰም ወይም በወፍራም ዘይት ይረጭ፣ ከስር ያሉት ትንንሽ የመተንፈሻ ቀዳዳዎች ግን በቀለም እንዳይደፈኑ ቁሙና እዩ።

የሸራው ጉዳይ አጭር ነው። የኋላ መስኮቱ ፕላስቲክ ከሆነ ጣሪያውን ከማጠፍ በፊት ዚፑን ፍቱና መስኮቱን ለብቻው አስተኙት፤ እንዳለ ሲታጠፍ መስመር ያወጣል፣ መስመሩ በጠዋት ቅዝቃዜ ይሰነጠቃል። እርጥብ ሸራ አጥፋችሁ አታሳድሩ፣ ይሻግታል። ለማልበስ ደግሞ የላስቲክ ሸራ አትጠቀሙ፤ ከሐይቁ የሚመጣው እርጥበት ስሩ ታፍኖ ላቡ ላሜራው ላይ ያድራል። አየር የሚያሳልፍ ጨርቅ፣ ከሌለ ክፍት የሆነ የቆርቆሮ ጥላ ይሻላል። የቆርቆሮ ጥላ ርካሽ መስሎ ይታያል እንጂ እዚህ ከተማ ለዚህች መኪና የሚገዛ ከዚያ የበለጠ መለዋወጫ የለም።

ውሃው ካቢን ከገባ የሚያርፈው ምንጣፉ ስር ባለው ስፖንጅ ላይ ነው። ከላይ የደረቀ ይመስላል፤ እጅ ሲጫነው ግን ይተፋል። መሪዋ በግራ የሆነችው ባለ 1.6 የሞተሩ ኮምፒውተር የሚቀመጠው በተሳፋሪው እግር ስር፣ ምንጣፉ ሥር በብረት ክዳን ተሸፍኖ ስለሆነ ነገሩ የሽታ ብቻ አይደለም። ዝናብ ባደረ ማግሥት ሞተሩ የሚንተባተብ፣ ከሰዓት በኋላ የሚሻለው ከሆነ ካንዴላ ከመቀየር በፊት ያንን ምንጣፍ ግለጡ።

ባትሪው ያለው ከፊት ሳይሆን ፖርቶባጋሊዮው ውስጥ፣ በቀኝ በኩል ነው። ፋብሪካው የገጠመላት የታሸገና ጋዙን በቀጭን ቱቦ ወደ ውጭ የሚያስወጣ ዓይነት ነበር። ገበያ ላይ የሚገኘው ተራ ባትሪ ልኩ ቢገጥም እንኳ የአሲድ ትንፋሹን እዚያው ይለቃል፣ ከስሩ ያለው ላሜራ በሁለት በሦስት ዓመት እንደ ደረቀ እንጀራ ይፈረፈራል። ተራውን መግጠም ግድ ከሆነ ክዳኑ ላይ የቱቦ መውጫ ያለውን ምረጡ፣ ቱቦውን ከታች ወዳለው ቀዳዳ አውርዱ፣ ባትሪውን የፕላስቲክ ሳህን ላይ አስቀምጡ። ከፖርቶባጋሊዮው አንድ ነገር ጨምሬ ልበል፦ ነዳጅ ሲጠፋ ጀሪካን ሞልቶ እዚያ የሚጭን አለ። ባትሪና የቤንዚን ትነት በአንድ የተዘጋ ሳጥን ውስጥ ማለት ነው፣ አታድርጉት።

ወደ ሞተሩ ስንመጣ፣ ቻይ ነው። ዘይቱ ከፊልትሮው ጋር ሦስት ሊትር ተኩል ገደማ ይወስዳል፤ 10 ደብሊው 40 ለዚህ አየር ይስማማዋል። ጠዋት ሲነሣ ከላይ ቲክ ቲክ የሚል ድምፅ ካሰማና ሲሞቅ ከጠፋ በዘይት የሚሠሩት የባልቦላ ገፊዎች ናቸው፤ ብዙ ጊዜ ዘይቱን በጊዜው በመቀየር ብቻ ይሻላሉ። ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) እንዲያወርድ ለሚቸኩል መካኒክ እጅ አትስጡ።

እውነተኛው የሞተሩ ድክመት የኮሎው፣ ማለትም ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ፣ ጫፍ ነው። እስከ 1991 እ.ኤ.አ. ድረስ የተሠሩት መጀመሪያዎቹ ሞተሮች የኮሎው አፍንጫ አጭር ነው፤ መካከለኛው ብሎን በትክክል ካልጠበቀ ፑሊውን የሚይዘው ትንሽ የብረት ሽብልቅ ቦታውን ይበላል፣ ከዚያ ሞተሩ ያለ ምክንያት ጉልበት ያጣል። መለያው ቀላል ነው፤ ከፊት ፑሊው መሃል ላይ የሚታዩትን ክፍተቶች ቁጠሩ። አራት ከሆኑ አጭሩ ነው፣ ስምንት ከሆኑ የተሻሻለው ረጅሙ። አራት ናቸው ብላችሁ አትሽሹ፣ ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) እየሠራ ፑሊውን በጎን እዩት፤ ከተወላገደ ግን ዋጋ መቀነስ ሳይሆን መተው ነው የሚሻለው። የአጭሩ ብሎን የሚጠብቀው ከ108 እስከ 118 ኒውተን ሜትር ነው፣ የረጅሙ ከ157 እስከ 167። በረጅሙ ቁጥር አጭሩን ማጥበቅ፣ ወይም በክንድ ግምት ማጥበቅ፣ በሽታውን በራስ እጅ ማምጣት ነው።

የታይሚንግ ቺንጋው በ100,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል፤ ታሪኩ የማይታወቅ ከሆነ ግን በገዛችሁበት ሳምንት ቀይሩት። ደግነቱ ይህ ሞተር ቺንጋው ቢበጠስ ባልቦላና ፒስተን አይጋጩም፤ መንገድ ላይ ትቆማላችሁ እንጂ ቴስታታ አትቀይሩም። ቺንጋው ሲቀየር የውሃ ፓምፑ፣ መወጠሪያው፣ ሁለተኛው ኩሽኔታና የኮሎው የዘይት ማኅተም አብረው ይቀየሩ፤ ሁሉም ያሉት አንድ ክዳን ስር ነው፣ የጉልበት ዋጋውም አንድ ነው። ከተገጠመ በኋላ ሁለቱ የካም (የባልቦላ ዘንግ) ጥርሶች ላይ ባሉት ምልክቶች መካከል ያለውን የቺንጋ ጥርስ ቁጠሩ፦ 19 መሆን አለበት። 18 ወይም 20 ከሆነ ሞተሩ ይነሣል፣ ግን ይሰንፋል፣ ነዳጅም ይበላል። ኮሎውን በእጅ ሁለት ዙር አዙራችሁ ደግማችሁ ቁጠሩ።

ከቴስታታው ኋላ፣ ከካቢኑ ግድግዳ ጋር በሚጠጋው በኩል፣ የካም አንግል ሴንሰር አለ። ውስጡ ያለው የጎማ ቀለበት ሲደርቅ ዘይት ያንጠባጥባል፤ ዘይቱ የሚወርደው የማሞቂያውን የውሃ ጎማ ቱቦ ላይ ነው። ቱቦው በዘይት ይላላል፣ አንድ ቀን ይፈነዳል፣ ውሃው ይፈስሳል፣ ሰው ሁሉ ራዲያተሩን ይረግማል። ጥፋቱ ግን የዚያች ትንሽ ቀለበት ነው። ለመቀየር በመጀመሪያ ሴንሰሩ የቆመበትን ቦታ በካቻቢቴ ጫፍ ጭረት ምልክት አድርጉ፣ ከዚያ በ12 ቁልፍ አንዷን ብሎን ፈትታችሁ አውጡት፣ ቀለበቱን ለውጣችሁ በጭረቱ ልክ መልሱት። ሴንሰሩ ሲዞር የእሳቱ ሰዓት ይዞራል፤ ስለዚህ በመጨረሻ በስትሮብ መብራት ይታይ። መመርመሪያ ሳጥኑ ላይ TEN እና GND የሚሉትን በሽቦ አገናኙ፣ ሚኒሞው 850 ዙር ገደማ ሲሆን ምልክቱ 10 ዲግሪ ላይ መቆም አለበት። ብዙዎች ወደ 14 ያስጠጉታል፤ በእኛ ከፍታ ሞተሩ ስስ አየር ስለሚስብ ማንኳኳቱ ይቀንሳል፣ ይቻላል። ዳገት ላይ እንደ ጠጠር ድምፅ ከተሰማ ግን ወደ 10 መልሱ።

ስለ ሙቀት አንድ ነገር ብዙ ሰው አያውቅም። ባሕር ዳር ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ላይ ነው። ሞተሩ የሚሠራበት ሙቀት ከዚያ ብዙ አይርቅም። ውሃውን ሳይፈላ የሚያቆየው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ጤነኛ ክዳን ግፊቱን ይዞ መፍሊያውን ከ110 በላይ ያወጣዋል። ጎማው የደረቀ ክዳን ግን የድስት ክዳን ነው። ስለዚህ «ትሞቃለች» የተባለች መኪና ላይ ከሁሉ በፊት ክዳኑን ቀይሩ። ቀጥሎ የራዲያተሩን ፕላስቲክ ጫፍ እዩ፤ አዲስ ሲሆን ጥቁር ነው፣ ሲያረጅ ወደ ቡናማ ከዚያ ወደ ቢጫ አረንጓዴ ይሄዳል። ቡናማ ከሆነ መግዣውን አስቡ፣ ቢጫ ከሆነ ከከተማ አትውጡ። መጠኑ 6 ሊትር ነው፤ ግማሽ በግማሽ ኩላንትና የተጣራ ውሃ ሙሉበት። የሐይቅ ወይም የጉድጓድ ውሃ ውስጡን ያጠብበዋል።

ከራዲያተሩ ስር ያለው የፕላስቲክ መከለያ ደግሞ ጌጥ አይደለም። አየሩን ወደ ራዲያተሩ የሚመራው እሱ ነው። ጠጠር መንገድ ላይ ይሰበርና መካኒኩ ነቅሎ ይጥለዋል፤ ከዚያ መኪናዋ ከተማ ውስጥ ደህና ሆና ረጅም መንገድ ላይ ትሞቃለች። ከጠፋ ከአንድ ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም ቆርጣችሁ አሠሩ።

ማርሽ አንደኛና የኋላ እምቢ ሲሉ ካምቢዮ አታስወርዱ። ዘጠኝ ጊዜ ከአሥሩ ከካምቢዮው ቀኝ ጎን የተቀመጠው ትንሹ የፍሪሲዮን ሲሊንደር ነው። የላስቲክ ቆቡን ገልጣችሁ እዩ፤ እርጥብ ከሆነ ውስጡ ያለው ጎማ አልቋል። በሁለት ባለ 12 ብሎን የታሰረ ነው፣ ሥራው የአንድ ሰዓት ነው። ውስጡ በዝገት ከተቦረቦረ ጎማ ብቻ መቀየር ለጥቂት ወር ነው የሚያገለግለው። አየር ማስወጣት ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ከስር ያለው «ርገጥ» ሲል ፔዳሉ ይረገጣል፣ «ያዝኩ» ሲባል ኒፕሉ (የአየር ማስወጫው) ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ከዚያ ብቻ ፔዳሉ ይለቀቃል። አረፋ እስኪጠፋ ይህ ይደገማል፣ ከላይ ያለው ማጠራቀሚያ በመሃል እንዳያልቅ።

ካምቢዮው ራሱ 2 ሊትር 75 ደብሊው 90 ይፈልጋል፣ ጂኤል-4 የሚል የተጻፈበትን። ለዲፈረንሻል የሚሸጠውን ወፍራም ዘይት ሁለቱም ውስጥ መጨመር የጋራዥ ልማድ ነው፤ ጠዋት ሁለተኛ ማርሽ የሚያስቸግረው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው። የዲፈረንሻሉ ድርሻ በባለ 1.6ዋ 0.65 ሊትር ብቻ ነው።

ጎማ ላይ ዕድል አለን። የፋብሪካው ልክ 185/60 አር 14 ነው፤ ቸርኬዋ አራት ብሎን በ100 ሚሊ ሜትር ክብ፣ የመሃል ቀዳዳው 54.1 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ልኬት የብዙ ኮሮላና የቪትዝም ነው፤ ዳዶው ሳይቀር አንድ ዓይነት ክር አለው። ስለዚህ የተጣመመ ቸርኬ ቢያጋጥም ባሕር ዳር ውስጥ ምትክ አይጠፋም። ኮሮላ ላይ የሚለመደው 185/65 አር 14 ጎማ ደግሞ ለእኛ መንገድ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ቁመቱ 18 ሚሊ ሜትር ስለሚበልጥ መኪናዋን 9 ሚሊ ሜትር ከፍ ያደርጋታል። ፍጥነት መለኪያው በሦስት በመቶ ያህል አሳንሶ ያነባል፤ መሪውን ጥግ ድረስ አዙራችሁ የትም እንዳይነካ እዩ። ንፋሱ 26 ፒኤስአይ ነው። ጎሚስታው «ወንድሜ፣ 35 ልሙላው?» ማለቱ አይቀርም፣ ለእሱ ያነሰ ሁሉ የጎደለ ነው። በ35 ግን ይህች ቀላል መኪና እንደ ኳስ ትነጥራለች፣ የጎማው መሃል ብቻ ያልቃል፣ በዝናብ ጊዜም አስፋልቱን አትይዝም።

ከመሬት ያላት ከፍታ ስንዝር አይሞላም፤ ሁለት ሰው ሲቀመጥ ደግሞ ይቀንሳል። የሰፈር ውስጥ ፍጥነት መቀነሻ ሁሉ በአንድ ቁመት አልተሠራም፣ አንዳንዱ የጎረቤት ሥራ ነው። በቀጥታ አትውጡት፤ በሰያፍ ግቡ፣ አንድ ጎማ ይውጣ፣ ቀጥሎ ሌላው። ቀድሞ የሚነካው የማርሚታው መጋጠሚያ ነው። እዚያ የቋጠሮ ብሎን ጫፍ ተርፎ ከወጣ ቆርጣችሁ አሳጥሩት፤ ብሎኑ ሲይዝ ነው ማርሚታው ሙሉ የሚነቀለው። ኮብልስቶኑ ምንም አያደርጋትም፣ ድምፁ ነው የሚያስፈራው። በክረምት የተሞላ ጉድጓድ ግን ጥልቀቱ ስለማይታይ ከፊት ያለው ባጃጅ ጎማው ድረስ ከሰመጠ ተመለሱ።

ከጉድጓድ በኋላ መሪው ከጎተተ አላይመንት ያስፈልጋል። አራቱም ጎማ ይስተካከላል፣ የፊቶቹ ብቻ አይደሉም፤ ብዙ ቦታ ግን ፊቱን ብቻ ሠርተው ይሰጧችኋል። የኋላዎቹ የማስተካከያ ብሎኖች በዝገት ይጣበቃሉ፤ ከሦስት ቀን በፊት ጀምሮ በዘይት እርጧቸው፣ ሲስተካከሉ ግሪስ ይቀቡ።

የእጅ ፍሬኗ ደካማ ነው፣ ለቦሎ ምርመራ ስትቀርብ የምትወድቀውም በዚህ ነው። ገመዱን መወጠር አያድናትም። የኋላ ፍሬኑ ጀርባ ላይ ያለውን ባለ 14 ብሎን ፍቱ፣ ውስጡ ባለ 4 ሚሊ ሜትር የአለን ቁልፍ ቀዳዳ አለ፤ ጎማው እስኪቆም ድረስ ወደ ቀኝ አዙሩ፣ ከዚያ የዙር ሲሶ መልሱት። ሁለቱንም ጎን እኩል። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ነዳጅ ከማደያ ሲጠፋ በሃይላንድ የሚሸጠው ቤንዚን ፈተና ነው። ግድ ከሆነ ጠርሙሱን አሥር ደቂቃ አቁሙት፤ ውሃ ካለበት ከታች መስመር ይሠራል። ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አድርጉ፤ ንጹሕ ቤንዚን ተንኖ ይጠፋል፣ ናፍጣ ወይም ላምባ የተቀላቀለበት ቅባት ያለው እድፍ ይተዋል። አንድ ጊዜ መጥፎ ከጠጣች ፊልትሮው ይቀየር፤ ያለው ከስር፣ ከቀኝ የኋላ ጎማ ፊት ነው። ቱቦውን ከመንቀል በፊት የፓምፑን ሪሌይ ነቅላችሁ ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ አሠሩት፤ አለበለዚያ ግፊቱ ፊታችሁ ላይ ይረጫል። የነዳጅ ማጠራቀሚያዋ 45 ሊትር ነው፤ በደብረ ማርቆስ በኩል አዲስ አበባ ለመድረስ አንድ ሙሊት ላይበቃ ስለሚችል ደብረ ማርቆስ ላይ ሙሉ።

እዚያው መንገድ ላይ የአባይ በረሃ አለ። ከደጀን ወደ ድልድዩ ስትወርዱ ከሺህ ሜትር በላይ ነው የምትወርዱት። ቀላልነቷ እዚህ ይረዳል፣ ግን የፍሬን ዘይቱ ያረጀ ከሆነ አይረዳም። አዲስ ዶት 4 የሚፈላው 230 ዲግሪ ላይ ሲሆን እርጥበት የጠጣው 155 ላይ ይፈላል፣ ሲፈላም ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ ሐይቅ ዳር ለሚኖር በየሁለት ዓመቱ መቀየር ግዴታ ነው። ቁልቁለቱን በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ውረዱ፣ ፍሬኑን ጠንከር አድርጋችሁ ለአጭር ጊዜ ያዙና ልቀቁት።

በየቀኑ አብሮ መኖሩን በተመለከተ፣ ለዓውደ ዓመት በግ አትጫንም፣ የአንድ ኩንታል ጤፍ ወሬም ከእሷ ጋር አይነሣም። ከአይሱዙ ጎን ስትቆሙ ዓይናችሁ ከቸርኬው ብሎን ጋር ይተያያል፤ ሾፌሩ እንደማያያችሁ ቁጠሩት፣ ከጎኑ አትቆዩ፣ ከፊቱ ወይም ከኋላው ሁኑ። አመሻሽ ላይ ሐይቅ ዳር ጣሪያዋ ተከፍቶ መንዳት ደስ ይላል፣ ትንኙ አፍ ካልከፈቱ። ብቅ ጥልቅ የሚሉት የፊት መብራቶች አንዱ ተከፍቶ አንዱ ከቀረ ኮፈኖውን ክፈቱ፤ የመብራቱ ሞተር ራስ ላይ የላስቲክ ቆብ ያላት ክብ እጀታ አለች፣ በእጅ አዙራችሁ አንሱት፣ ቤት ግቡ፣ ሪሌይውን ነገ እዩ።

መስከረም ሲጠባና ዝናቡ ሲያቆም ወንበሮቹን አውጡ። እያንዳንዱ በአራት ብሎን ነው የታሰረው። ምንጣፉን ከነስፖንጁ አንሡና ለሁለት ሙሉ ቀን ፀሐይ ላይ አስጡት፣ በሦስተኛው ቀን ስፖንጁን እጠፉና በጉልበት ጭመቁት። አሁንም ጠብ ካለ ገና ነው፤ ሌላ ቀን ይስጣ። ወለሉ ባዶ ሳለ በእጅ ባትሪ እዩት፣ ዝገት ያለበትን በብሩሽ ፍቁ፣ ጸረ ዝገት ቀቡ፣ የመውረጃዎቹንም ውሃ እንደገና አፍስሳችሁ ከስር እዩ።